ቆይታ ሲረዝም ወጪውም ወሬውም ይቀንሳል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሥራሽ በኮምፒውተር ስለሆነ ባሕር ዳር ሁለት ሦስት ወር ለመቀመጥ አስበሻል፤ በጀትሽ ጠባብ ነው፤ ሰው ባትጠዪም ብዙ ወሬ ያደክምሻል። «ብቻዬን ስቀመጥ ሰዉ በጥያቄ አያስጨንቀኝም ወይ?» ትያለሽ። እኔም ሴት ነኝ፣ ዝምተኛም ነኝ፤ የድርጅቶችን ሂሳብ ከርቀት እየሠራሁ ጣና ዳር ደጋግሜ ከርሜአለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ዝምተኛ ሰው አጭር ጉዞ ይሻለዋል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የሚያደክመው እንግድነቱ ነው። በየሦስት ቀኑ አልጋ የሚቀይር ሰው በየሦስት ቀኑ ከአዲስ ደላላ፣ ከአዲስ ባጃጅ ነጂ፣ ከአዲስ አስተናጋጅ ጋር ይነጋገራል፤ ለሁሉም የእንግዳ ዋጋ ይከፍላል። አንድ ሰፈር ረግቶ የተቀመጠ ግን ሰንበት ሲል ማንነቱም ልማዱም ስለሚታወቅ የሚጠይቀው የለም። ዋጋውም በዚያው ይረግብለታል።

እንደደረስሽ ቤት አትከራዪ። መጀመሪያ ፔንሲዮን ያዢና ሰፈሩን በእግርሽ እዪው። ፔንሲዮኑንም ቢሆን ስለ አዳር ዋጋ ከመጠየቅ «ለወር ብከፍልስ?» ብለሽ ጀምሪ፤ ወሬው ያኔ ይለወጣል። ሽምብጥ ለሐይቁ ይቀርባል። ፔዳ አካባቢ ዩኒቨርሲቲው ስላለ የተማሪ ክፍሎችና ርካሽ ምግብ ቤቶች አይጠፉም፤ በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ግን ክፍል ፍለጋው ትግል ነው። አባይ ማዶ ከመሀል ከተማው ራቅ ይላል፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በእግር መሻገሩ ራሱ ደስ ይላል። ኪራዩን በብር አልጽፍልሽም፤ ወር ሳይሞላው ያረጃል።

ክፍል ስታዪ ስለ ግድግዳው ቀለም አትጨነቂ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከር አለ? የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው የግል? የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ለዝምተኛ ሰው ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፦ የክፍሉ በር ወዴት ይከፈታል? በሩ በአከራይዋ ሳሎን ፊት ለፊት ከሆነ በገባሽ በወጣሽ ቁጥር ቆመሽ ሰላምታ መለዋወጥሽ ነው። የመታወቂያ ቅጂ ሲጠይቁሽ ሳታንገራግሪ ስጪ፤ በዚህ ዘመን ብቻውን የመጣ እንግዳ መጠርጠሩ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ልምጣ። አከራይሽ ቡና ትጠራሻለች። እምቢ አትበዪ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተቀመጪ፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውንም ጠጪ። ከየት ነሽ፣ ባለትዳር ነሽ፣ እናትሽ አሉ ወይ መባሉ አይቀርም። አንድ ጊዜ በአጭሩና በእውነት መልሺና ይለቅልሽ። «ምን እግር ጣለሽ?» ለሚለው «ሥራ» በይ፤ ሐሰትም አይደለም። «ለመዝናናት» ካልሽ ግን ብቻዋን ምን ትዝናናለች ይባልና ጥያቄው ይራባል። ከዚያ በኋላ አቦሉን ጠጥተሽ «ሥራ አለብኝ» ብለሽ ብትነሺ የሚከፋ የለም። ደግሞም ቡና ላይ ዝም ማለት ነውር አይደለም፤ ቆሎውን እየቆረጠምሽ ማዳመጥ ይበቃል። እኔ የተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቶቹ ውሎ አድሮ «እሷ ጨዋታ አታውቅም፣ ተዋት» ብለው እርስ በርሳቸው ይከላከሉልኝ ጀመር። ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ?

ከቤት ውጭ ደግሞ አንዲት ባለጀበና ያዢ። ሁልጊዜ እሷው ዘንድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው በርጩማ ላይ። የኔዋ ገና ከሩቅ ስታየኝ ስኳር የሌለበትን ቡና ትቀዳና ስታስቀምጥልኝ አንድ ቃል አትናገርም። ሌላው ጥሩ ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ነጠላ ለብሰሽ ከሐይቁ ብዙም የማይርቀው የጊዮርጊስ ዐጸድ ሥር ብትውይ ማንም ለምን ተቀመጥሽ አይልሽም። ሐይቅ ዳር ያሉት መናፈሻዎች ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ ስለሚበዛባቸው ጠዋት ሂጂ። ጠዋት የደንገል ታንኳዎቹንም ታገኛለሽ፤ ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ባለቤቶቹ ከሐይቁ አውጥተው ዛፍ ላይ አስደግፈው ያቆሟቸዋል፣ ደርቀው ሲቀሉ መልሰው ይገቡባቸዋል።

ገዳማቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሩጪ። ጣና 37 ያህል ደሴቶች አሉት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ይህን ሳይነግርሽ በጀልባ ኮንትራት የሚያስከፍልሽ አይጠፋም። ለእኛ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይሻላል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደርሰሽ ሥዕሎቹን ታያለሽ፣ መንገዱ በሙሉ የቡና ጫካ ነው፤ ምድሩ እንዳይታረስ የአባቶች ቃል አለ ስለሚባል ነዋሪው በቡናው ኖሯል። ኮንትራት ከመያዝሽ በፊት ነዋሪዎቹ የሚሳፈሩበት የሕዝብ ጀልባ መኖሩን ወደቡ ላይ ጠይቂ። አስጎብኚ ከያዝሽ ደግሞ ገና ሳትነሱ «ዝም ብዬ ማየት እወዳለሁ፣ ስፈልግ እጠይቅሃለሁ» በዪው። የጢስ አባይ ፏፏቴ ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሄደሽ እንዳታዝኚ፣ ነሐሴ ወይም መስከረም ይሁን።

ምግብ አያሳስብሽ። ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱና ሽሮ በየቦታው አለ። አሳው ቆሮሶም አምባዛም ከሐይቁ የወጣ ነው፤ በዓቢይ ጾም ግን ፈላጊው ስለሚበዛ ይወደዳል። ሐይቁ ውስጥ አትዋኚ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። አጎበርም ያዢ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወባ ይበረታል።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ስላለ የመኪና መንገድ ድንገት የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በዚህ ላይ አትቆጥቢ። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ያውቃል። ሥራሽ በኢንተርኔት የሚውል ከሆነ የመስመር ኢንተርኔት ያለበትን ማረፊያ ምረጪ፣ ቢቋረጥ ምን እንደምታደርጊም ከአሠሪዎችሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ከከተማ ከመውጣትሽ በፊት በዚያው ዕለት ጠዋት ጠይቂ፤ ባጃጆች ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩም አከራይሽ ትነግርሻለች።

ወሩን በተመለከተ፣ እኔ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ፤ አየሩ ልከኛ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ አያሠራም። ጥር ላይ ለመምጣት ካሰብሽ ክፍሉን በታኅሣሥ አጋማሽ ጨርሺ፤ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ብዙ ስለሆነ ያኔ የሚከራከርልሽ ደላላም አታገኚም።