በዲቪ መጥቼ ሜዲካል ስኩል መግባት እችላለሁ ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሆስፒታል ስወጣ ነው ያየሁት። በዲቪ ከመጣሽ 8 ወርሽ ነው፣ 20 ዓመትሽ ነው፣ አገር ቤት ፍሬሽማን ጨርሰሻል፣ አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስትሽ ጋ ነሽ፣ ሀኪም መሆን ትፈልጊያለሽ ግን ያገኘሽው ሰው ሁሉ "ነርሲንግ ግቢና ተገላገዪ፣ ሀኪም የሚሆኑት እዚህ የተወለዱት ናቸው" ይልሻል፣ እውነት ነው ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እውነት አይደለም። እኔም ልክ እንዳንቺ በዲቪ ነው የመጣሁት፣ አሁን ሜዲካል ስኩል 3ኛ ዓመት ነኝ፣ ግን መንገድ ላይ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ የማልሰራቸው ስህተቶች ስለነበሩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከሁሉም በፊት አትቸኩዪ። እኔ በመጣሁ በ4ኛው ወር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዘገብኩ፣ ቀን ፓርኪንግ እሰራለሁ፣ በሳምንት 50 ሰዓት፣ ማታ ማታ 4 ክላስ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ቶሎ ጨርስ ነው የሚለው፣ እናቴም በየእሁዱ ስትደውል መቼ ነው የምትጨርሰው ልጄ ትለኛለች። ኬሚስትሪን አገር ቤት ጥሩ ተማሪ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ ብዬ ናቅኩት። የጣለኝ ኬሚስትሪው አይደለም፣ የአስተማሪው አነጋገር ፍጥነት ነው፣ በየሳምንቱ ኩዊዝ አለ፣ ላብ ሪፖርት አለ፣ እኔ ደግሞ ከስራ ስወጣ አይኔ ተከድኖ ነው ክላስ የምገባው። ዲ አመጣሁ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ ወስጄ ኤ አገኘሁ፣ ኮሌጁም የድሮውን ከጂፒኤዬ አወጣልኝና ተገላገልኩ ብዬ ረሳሁት። ከዓመታት በኋላ ለሜዲካል ስኩል ማመልከቻ ስሞላ ነው ነገሩ የገባኝ፣ አምካስ የሚባለው የማመልከቻ ሲስተም የኮሌጅሽን ጂፒኤ ዝም ብሎ አይወስድም፣ ራሱ ከዜሮ ነው የሚያሰላው፣ አሜሪካ ውስጥ የወሰድሽውን እያንዳንዱን ክላስ፣ የደገምሽውንም፣ ያወጡልሽንም፣ ሁለቱንም ይቆጥራል። ያ ዲ እስከ መጨረሻው ተከትሎኛል፣ በኢንተርቪው ላይ ሳይቀር ተጠይቄበታለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሴሚስተር 2 ክላስ ብቻ ያዢ፣ ሰው ምን ይላል አትበዪ። ክላሱ ካስቸገረሽ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ሳያልፍ ድሮፕ አድርጊው፣ ደብልዩ፣ ክላሱን ትተሽ ወጣሽ የሚለው ምልክት፣ ከዲ በብዙ ይሻላል፣ ፋይናንሻል ኤይድ ካለሽ ግን ክላሱን ከመተውሽ በፊት ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። ኢኤስኤል፣ ማለትም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ክላስ፣ ውሰጂ ካሉሽ አትናደጂ፣ ለምን እንደሆነ ታች እነግርሻለሁ።

የፍሬሽማን ውጤትሽን በተመለከተ፣ የአገር ቤት ውጤት አምካስ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም፣ አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች ደግሞ ቢያንስ 90 ክሬዲት አሜሪካ ወይም ካናዳ የተወሰደ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያንን ክሬዲት ላስቆጥር ብለሽ ብዙ አትድከሚ፣ ባዶ ወረቀት ይዘሽ መጀመርሽ በአንድ በኩል እድል ነው።

ነርሲንግን በተመለከተ፣ ነርሲንግ ትልቅ ሙያ ነው፣ እዚህ አካባቢ ስንቱን ቤተሰብ ያቆመው እሱ ነው፣ የሚመክሩሽም ስለሚወዱሽ ነው። ግን "መጀመሪያ ነርስ ሁኚ፣ ከዛ ቀስ ብለሽ ሀኪም ትሆኛለሽ" የሚለው ላይ ተጠንቀቂ። ለነርሲንግ የምትወስጂው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ለሜዲካል ስኩል የሚጠየቀውን አይተካልሽም። እነሱ በብዛት የሚፈልጉት ባዮሎጂ አንድ ዓመት ከነላቡ፣ ጀነራል ኬሚስትሪ አንድ ዓመት ከነላቡ፣ ኦርጋኒክ፣ ፊዚክስ፣ ባዮኬሚስትሪ ነው። ነርስ ሆነው ገብተው ያየኋቸው አሉ፣ ግን ይሄን ሁሉ እንደ አዲስ ተቀምጠው ወስደዋል። ልብሽ ሀኪም ላይ ከሆነ ከአሁኑ በዚሁ መስመር ግቢ። ሞንጎመሪ ኮሌጅ የሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እዚሁ አጠገብሽ ነው፣ 2 ዓመት እዛ ተምረሽ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ትራንስፈር ማድረግ የተለመደ ነው፣ ወጪውም በጣም ይቀንስልሻል። ከበድ ያሉትን፣ ባዮኬሚስትሪን የመሳሰሉትን ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ውሰጂያቸው፣ ሁሉንም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወስዶ የመጣን ተማሪ የሚጠራጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉ።

አሁን ኤምካት፣ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው። ከ472 እስከ 528 ነው ውጤቱ፣ 4 ክፍል አለው፣ ከነእረፍቱ 7 ሰዓት ተኩል ትቀመጫለሽ። ሳይንሱን አጥንተሽ ትወጪዋለሽ፣ አገር ቤት የተማረ ሰው ማጥናት ያውቃል። እኛን የሚጥለን ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ነው። ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ስዕል፣ ስለ ታሪክ ረጅም ጽሁፍ ያመጡልሽና ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው፣ ለምን እንዲህ አለ ብለው ይጠይቁሻል፣ በቃል የሚያዝ ነገር የለውም። የመጀመሪያ ልምምዴ ላይ ካርስ 120 ነበር ያመጣሁት፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ118 ነው የሚጀምረው፣ አስቢው። ያዳነኝ በየቀኑ ማንበብ ነው፣ ሬድ ላይን ባቡር ላይ ጠዋት ጠዋት አንድ ረጅም ጽሁፍ፣ ስጨርስ ስልኬ ላይ በሁለት መስመር ሰውየው ምን ለማለት ፈልጎ ነው ብዬ እጽፋለሁ፣ 8 ወር ሙሉ። ፈተናው ላይ 126 ሆነ። ኢኤስኤል አትናቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው፣ አንቺ ከአሁኑ ከጀመርሽ 3 ዓመት አለሽ።

ለኤምካት ከመመዝገብሽ በፊት ደግሞ ፊ አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባለውን አመልክቺ። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የፈተናውን ክፍያ ይቀንሳል፣ የልምምድ ፈተናዎቹን በነጻ ይሰጣል፣ እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ የአምካስ ማመልከቻ ክፍያ ይሸፍናል። ወደ ኋላ ተመልሶ ግን አይከፍልም፣ እኔ ፈተናውን ሙሉ ከፍዬ ከተመዘገብኩ በኋላ ነው የሰማሁት፣ በዛን ጊዜ ለኔ የወር የቤት ኪራይ ድርሻዬ ነበረች።

ስራሽን መቀየር ከቻልሽ ሆስፒታል ግቢ። የነርሲንግ አሲስታንት ኮርስ አጭር ነው፣ እኔ ከፓርኪንግ ወጥቼ ሌሊት ሌሊት እሱን ሰራሁ። አንድ ሌሊት አንዲት የኛ እናት ገብተው ነበር፣ የስኳር በሽተኛ ናቸው፣ ቤታቸው ራሳቸውን ስተው ወድቀው። ዶክተሩ በስልክ አስተርጓሚ ይጠይቃቸዋል፣ መድሃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ? "እሺ፣ አዎ።" ምግብ ይበላሉ? "አዎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" ሁሉም ነገር እሺ ነው። እሱ ሲወጣ ትራሳቸውን እያስተካከልኩ፣ እማማ ይጾማሉ እንዴ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ሁዳዴ አይደል እንዴ ልጄ" አሉኝ። ጠዋት ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ማንም ደግሞ አልጠየቃቸውም። ወዲያው ለነርሷ ነገርኩ፣ እሷም ዶክተሩን ጠራችው፣ መጥቶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደገና ከመጀመሪያው ጠየቃቸው። የማመልከቻ ጽሁፌን በዚህ ነው የጀመርኩት፣ 5,300 ፊደል ብቻ ነው የሚፈቀደው ከነባዶ ቦታው፣ ስለ ድህነቴና ስለ ስደቴ ከጻፍኩት ሁሉ በሁሉም ኢንተርቪው ላይ የጠየቁኝ ስለ እሳቸው ነው። እንዲህ አይነት ነገር ሲገጥምሽ ስሙን ሳትጠቅሺ የሆነውን ያንኑ ቀን ጽፈሽ አስቀምጪ፣ በኋላ ይረሳል።

ማመልከቻው በፈረንጅ ሜይ መጀመሪያ አካባቢ ነው የሚከፈተው፣ ጁን ላይ አስገቢ። አብዛኞቹ ቀድሞ የመጣውን ቀድመው እያዩ ቦታ ይሰጣሉ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ለ9 ትምህርት ቤት አስገብቼ አንድም ኢንተርቪው አልመጣልኝም። በሁለተኛው ዓመት ጁን ላይ ለ20 ትምህርት ቤት፣ ዲኦ ፕሮግራሞችንም (ከኤምዲ ሌላ የሆነው የሀኪምነት ዲግሪ ነው) በራሳቸው ማመልከቻ ጨምሬ፣ 3 ጠሩኝ፣ አንዱ ተቀበለኝ። ዲኦም ሀኪም ነው፣ ሰው ስላላወቀው ብቻ እንዳትተዪው።

ስለ ገንዘቡ፣ ግሪን ካርድ ስላለሽ የፌደራል ሎን ታገኚያለሽ። ግን ህጉ ተቀይሯል፣ ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደር የሜዲካል ተማሪ የፌደራሉ ሎን በዓመት 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር ነው ጣሪያው፣ በብዙ ትምህርት ቤት ይሄ አይበቃም። ስለዚህ ዝርዝርሽን ስታወጪ እርዳታቸውን አብረሽ እዪ። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ የቤተሰቡ ገቢ ከ300,000 ዶላር በታች ለሆነ ተማሪ ቱሽን፣ የትምህርት ክፍያውን፣ አያስከፍልም፣ ኒውዮርክ ውስጥ ኤንዋይዩና አልበርት አንስታይንም ቱሽን ነጻ ናቸው። መግባቱ ከባድ ነው፣ ሎተሪ አይደለም ግን፣ ውጤትሽ ካማረ ለምን አታመለክቺም።

አክስትሽን ደግሞ አታስቀይሚያት፣ ቁጭ ብለሽ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በወረቀት አሳዪያት፣ የኔዋ እናት እንኳን ቁጥሩን ካየች በኋላ ነው መቼ ነው የምትጨርሰው ማለት ያቆመችው። ልትመዘገቢ ያሰብሻቸውን ክላሶች ኢንቦክስ ላኪልኝ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነጻ ነኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።