የሚጨፍረውም የሚሸከመውም ትከሻ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ስላደከመው በሁለት ክራንች እሄዳለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሠፈራችን ወጣቶች ጋር እስክስታ እለማመዳለሁ፤ ከመካከላችን አንዷ በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ናት። እናቴ «በደህናው ትከሻህ ላይ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣ» እያለች ትሰጋለች። ልምምዱ ለጤናችን ይበጃል?

መልስ፦ በጣም ይበጃል፤ የእናትዎ ስጋትም ግን መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎችም አቅማቸው በፈቀደ መጠን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየጨፈሩ መነጋገር ከቻሉ፣ ዘፈኑን መቀበል ግን ትንፋሽ ካሳጠረዎት፣ መካከለኛ የሚባለው ያ ነው።

እስክስታ በትከሻና በአንገት የሚመታ በመሆኑ፣ ተቀምጦ የሚጨፍር ሰው ከጨዋታው የሚቀርበት ነገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የእርስዎና የጓደኛዎ ትከሻ የእግርንም ሥራ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ሰውነትዎን ተሸክሞ ገበያ አድርሶ የመለሰዎትን ትከሻ ማታ ደግሞ ያለ ዕረፍት ለአንድ ሰዓት ሲያንቀጠቅጡት ጅማቱ ይቆጣል። ስለዚህ ብዙ በተጓዙበት ቀን ልምምዱን ያሳጥሩ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ጋቢዎን ሳይጥሉ 10 ደቂቃ ያህል ክንድዎንና ትከሻዎን በዝግታ ያሟሙቁ። በሳምንት 2 ቀን ከመስኮት ብረት ጋር የታሰረ ላስቲክ ወደ ደረትዎ እየሳቡ የጀርባዎን ጡንቻ ቢያጠነክሩ፣ ትከሻዎን የሚደግፈው እርሱ ነው።

ቆመው ሲጨፍሩ ክብደትዎን በእጅዎ መያዣ ላይ ያሳርፉ እንጂ በብብትዎ አይንጠልጠሉ፤ በብብት በኩል የሚያልፈው ነርቭ ይጎዳል። የክራንቹ ጫፍ ጎማ ከሳሳ በሊሾ ወለል ላይ ያንሸራትታልና ሳይዘገዩ ይቀይሩት። ፖሊዮ ያደከመው ጡንቻ ከመጠን በላይ ሥራን አይወድም፤ ድካሙ በማግስቱም ካልለቀቀዎት የሠሩት በዝቷል ማለት ነው።

ጓደኛዎ በልምምዱ መሐል ቶሎ ቶሎ ወደ ፊትና ወደ ጎን ዘንበል እያለች መቀመጫዋን ከጫና ታሳርፍ፤ ማታም ቆዳዋን በመስታወት ትመልከት፤ ስሜት በሌለው ገላ ላይ ቁስል ሳይታወቅ ይጀምራልና። የአከርካሪ ጉዳቷ በደረቷ አጋማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ድንገት ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ቀና ብላ ትቀመጥ፣ የጠበቀ ልብሷም ይላላላት፣ ወዲያውኑም ወደ ሐኪም ውሰዷት።

በዐቢይ ጾም ዘፈኑን የምትተዉ ከሆነ፣ የላስቲኩን ልምምድ ግን አታቋርጡት፤ ሰዓቱን ከምግብ በኋላ አድርጉት።