ረጅም ቀስት ቢቆረጥ ጉልበቱ ይጨምራል? ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፦ የእንጨት ቀስትን ጫፍ ቆርጦ ጉልበቱን መጨመር። ጉልበት የምንለው አውታሩን እስከ 28 ኢንች ለመሳብ የሚያስፈልገውን ኃይል ነው፤ የሚለካውም በፓውንድ ነው። ከመያዣው በላይና በታች ያሉትን ክፍሎች ክንፍ፣ ወደ ተኳሹ የሚዞረውን ገጽ ሆድ፣ ወደ ዒላማው የሚዞረውን ጀርባ እንላለን።

ጥያቄ፦ ከሂኮሪ እንጨት የተሠራ 72 ኢንች ቀስት አለኝ። ጉልበቱ 40 ፓውንድ ነው። 50 ለማድረስ ከየጫፉ ስንት ኢንች ልቁረጥ?

መልስ፦ በመቁረጥ ብቻ 50 አይገባም። እያንዳንዱ ክንፍ 36 ኢንች ነው፤ ክንፍ ሲያጥር ግትርነቱ በኩብ ያድጋል፤ ማለትም የአሮጌውና የአዲሱ ርዝመት ንጽጽር ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ስለዚህ ከየጫፉ 1 ኢንች ቢወርድ 9 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ከ3 እስከ 4 ፓውንድ ያገኛሉ። 2 ኢንች ቢወርድ ወረቀት ላይ 47 ይደርሳል። ወረቀት ላይ ያልነው በምክንያት ነው፤ የተቆረጠ ቀስት ክንፎቹ እኩል እንዲታጠፉ እንደገና መስተካከል አለበት፣ ማስተካከል ደግሞ እንጨት መፋቅ ነው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ክንፍ ላይ 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ከዳር እስከ ዳር ቢነሳ 14 በመቶ ጉልበት ይሄዳል። በመጋዝ ያገኙትን በብርጭቆ ወረቀት መልሰው ያጡታል ማለት ነው። 44 ወይም 45 ላይ ከቆሙ ጥሩ ሠርተዋል።

68 ኢንች ለ28 ኢንች አሳሳብ ገና ምቹ ነው። መያዣው ጭምር የሚታጠፍ ቀስት ግን ከሚሳብበት ርዝመት 2.3 እጥፍ፣ ለእርስዎ 64 ኢንች ተኩል ገደማ፣ በታች ባይወርድ ይመረጣል። መያዣው የማይታጠፍ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብሎ ማቆም ነው። የግድ 50 ካስፈለገዎት ሌላ ቀስት ይሥሩ።

ጥያቄ፦ አቆራረጡን በቅደም ተከተል ብትነግሩኝ?

መልስ፦ መጋዝ ከማንሳትዎ በፊት ቀስቱን ወጥረው ሁለቱ ክንፎች እኩል መታጠፋቸውን ይመልከቱ። አንዱ ከደከመ መጀመሪያ ከእሱ ጫፍ ብቻ ግማሽ ኢንች ይቁረጡ፤ ሲያጥር ይጠነክርና ከሌላው ጋር ይስተካከላል። እኩል ከሆኑ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ኢንች እያወረዱ፣ በየመሐሉ እየለኩ ይሂዱ። በአንድ ጊዜ 2 ኢንች የሚቆርጥ ሰው መመለሻ የለውም።

አዲሱን የአውታር ቦይ በቀጭን ክብ ሞረድ፣ ከጎንና ከጎን፣ በ45 ዲግሪ ግድም አዘንብለው 3 ሚሊሜትር ያህል ይሞርዱ። ሞረዱ ጀርባውን አይንካ፤ እዚያ የተቆረጠ ቃጫ ጫፉን ሰንጥቆ ይነሳል። ጠርዙንም ያለስልሱ፣ አለበለዚያ አውታሩን ይበላዋል። አሮጌው አውታር አሁን ረዝሟል፤ አዲሱ ከቦይ እስከ ቦይ ካለው ርዝመት 3 ኢንች ያህል ይጠር። ሲወጠር ከመያዣው 6 ወይም 7 ኢንች መራቅ አለበት።

ብዙዎች የሚስቱት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ክንፉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ ቀጭኑ ክፍል ተቆርጦ ወድቋል፤ አዲሱ ጫፍ ወፍራምና ሰፊ ነው። አይታጠፍም፣ ክብደቱም ፍላጻውን ያዘገያል፣ መታጠፉ ሁሉ ወደ መያዣው ይሸሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ጫፉን ከጎኖቹ አጥብበው ወደ ቀድሞው ስፋት ይመልሱት፤ ቀጥሎ የክንፉን የመጨረሻ ሲሶ ከሆዱ በኩል በስሱ ይፋቁ። መሐሉን አይንኩት። በእያንዳንዱ ፍቀት መካከል እስከ ግማሽ ድረስ 20 ጊዜ ያህል ይሳቡት፤ እንጨቱ ለውጡን የሚያሳየው ሲሠራ ነው። 45 ካሰቡ ሚዛኑ 45 ባለበት ቦታ፣ 24 ኢንች ላይ ቢሆንም እንኳ፣ መሳቡን ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ቆርጬ በተኮስኩ በሳምንቱ ሆዱ ላይ ፀጉር የመሰሉ አግድም መስመሮች ታዩ። ጉልበቱም ቀንሷል።

መልስ፦ ሆዱ ከአቅሙ በላይ ተጨምቆ ቃጫው ታጥፏል። ቀስቱን ወደ መብራት አዘንብለው ጥፍርዎን በርዝመቱ ቢያስኬዱ መስመሩ ጥፍር ይይዛል፤ ከቀለም ስንጥቅ የሚለየው በዚህ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አይጠፋም፣ ሙጫም አያድነውም። መስመሮቹ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ እዚያ ብቻ ከልክ በላይ ይታጠፍ ነበር ማለት ነው። ከግራና ከቀኙ ያለውን ግትር ክፍል ጥቂት ፍቀው ጫናውን ቢያካፍሉና አሳሳቡን በ2 ኢንች ቢቀንሱ ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል። ጉልበቱ የቀነሰው አውታሩ ከተፈታ በኋላም ክንፉ ጎብጦ ስለቀረ ነው፤ ያጠረ ቀስት ይህ ቶሎ ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ የፋይበርግላስ ቀስቴንስ?

መልስ፦ አይቁረጡት። አውታሩ የሚያርፍበት ማጠናከሪያ ጫፉ ላይ ነው የተለጠፈው፤ እሱ ከሄደ አውታሩ ክንፉን ሊሰነጥቀው ይችላል። ብናኙም ለሳንባ መጥፎ ነው።

ጥያቄ፦ የጥንት እንግሊዞች ቀስት ረጅም ሆኖ እንዴት ያን ያህል ኃይለኛ ሆነ?

መልስ፦ በውፍረት። በ1545 እ.ኤ.አ. ከሰጠመችውና በ1982 ከባሕር ከወጣችው ከንጉሥ ሄንሪ 8ኛ መርከብ፣ ከሜሪ ሮዝ፣ ከ130 በላይ ሙሉ ቀስቶች ተገኝተዋል። ከዩው እንጨት የተሠሩና ብዙዎቹ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሲሆኑ ርዝመታቸው ከ1.87 እስከ 2.11 ሜትር፣ ጉልበታቸው ከ100 እስከ 185 ፓውንድ ይገመታል። ወፍራም ዘንግ ሳይሰበር ብዙ እንዲታጠፍ ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ቢያሳጥሯቸው ኖሮ ብዙዎቹ በተኳሹ እጅ ላይ ይሰበሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ቀስቱን ካሳጠርኩ በኋላ ፍላጻዎቼ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ።

መልስ፦ ቀኝ እጀኛ ከሆኑ ፍላጻዎቹ ለአዲሱ ጉልበት ከሚገባው በላይ የሚታጠፉ ሆነዋል። ከሚስቡበት የሚተርፍ ርዝመት ካላቸው ግማሽ ኢንች ይቁረጡላቸው፣ ወይም ጫፋቸውን በቀለለ ይቀይሩ፤ ሁለቱም ግትር ያደርጓቸዋል። ክብደታቸውን ግን ለእያንዳንዱ ፓውንድ ጉልበት ከ10 ግሬን (ትንሽ የክብደት መለኪያ) ብዙም አያሳንሱ፤ ለ45 ፓውንድ 29 ግራም ገደማ ማለት ነው። በጣም የቀለለ ፍላጻ ቀስቱን ባዶውን እንደመተኮስ ይጎዳዋል።