ሰባት ሌሊት በአየርላንድ፦ ከስምንቱ ቦታ አምስቱን ሰርዢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከኦገስት 10 ጀምሮ ለሰባት ሌሊት ከቨርጂኒያ ልትመጡ ነው፤ አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ሁለት ልጆችና የ70 ዓመት እናትሽ። ዝርዝርሽ ደብሊን፣ ቤልፋስት፣ ጃይንትስ ኮዝዌይ፣ ጎልዌይ፣ የሞኸር ገደል፣ የኬሪ ቀለበት፣ ኮርክና ብላርኒ ይላል። «ይበቃል ወይስ ሌላ ልጨምር?» ብለሻል። አትጨምሪ። ከስምንቱ አምስቱን ሰርዢ።

ይህን የምልሽ በሥራዬ ከማየው ተነሥቼ ነው። አየርላንድ ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። አምስቱን ዓመት ደብሊን፣ የቀረውን በምዕራብ በኩል ኤኒስ በምትባል ከተማ ኖሬያለሁ፤ እንጀራዬም የሆቴል እንግዳ መቀበል ነው። የአንቺን የመሰለ ዝርዝር የያዘ ቤተሰብ በየሳምንቱ ይመጣል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ አባትየው «ቁርስ ሳይቀርብ መውጣት እንችላለን?» ይለኛል። ጠዋት ቁልፉን መልሰው ሲሄዱ ከተማችንን በመኪና መስኮት እንኳ በቅጡ አላዩዋትም።

ከመንገዱ በፊት የእናትሽ ወረቀት ይቅደም። «እናቴ ግሪን ካርድ አላት፤ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው» ብለሽ እንደ ቀላል ነገር ጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽዋል። ዋናው ነገር እሱ ነው። እናንተ የአሜሪካ ፓስፖርት ስለያዛችሁ ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ እሳቸው ግን ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም ያስፈልጋቸዋል። የሸንገን ቪዛም አይረዳም፤ አየርላንድ ሸንገን ውስጥ የለችበትም። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላና ሰነዱ ይላካል፤ አንድ ጊዜ ለሚያስገባው ቪዛ ክፍያው 60 ዩሮ ነው። መልሱ ሳይመጣ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ።

ቤልፋስትና ጃይንትስ ኮዝዌይ የሚሰረዙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰሜን አየርላንድ በብሪታኒያ ሥር ናት። መንገዱ ላይ ኬላ የለም፤ ድንበር መሻገራችሁን የምታውቁት የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲለወጥ ነው። ኬላ ባይኖርም ሕጉ ግን አለ። እናንተ የብሪታኒያን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ በስልካችሁ ታወጣላችሁ፤ እናትሽ ግን ሌላ ሙሉ ቪዛ ያሻቸዋል። ያ አንድ ጊዜ የሚያስገባው የአየርላንድ ቪዛም ወጥተው ሲመለሱ አያገለግልም። «ማንም አይጠይቅም፣ ዝም ብላችሁ እለፉ» የሚልሽ ይኖራል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ አንዳንዴ ግን ፖሊስ አውቶቡስ አስቁሞ ወረቀት ያያል። በእናት ዕጣ አይጣልም።

ኬሪ ስትሰረዝ እኔንም ያመኛል፤ ከዚህ አገር ውብ ስፍራዎች አንዷ ናት። ነገር ግን ቀለበቱ ብቻ 179 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱም ኪላርኒ ከደረሳችሁ በኋላ የሚጀመር ነው። ለኬሪ ሌላ ጊዜ ለብቻዋ ኑላት። ኮርክም ትሰረዝ፤ እሷ ከሄደች ብላርኒም አብራ ትሂድ። እዚያ ሰው ተሰልፎ ግንብ ይወጣና በጀርባው ተንጋልሎ አንድ ድንጋይ ይስማል። እናትሽ የሚሳለሙት ሌላ ቦታ አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

እንግዲህ ሁለት ሌሊት ደብሊን፣ አራት ሌሊት በምዕራብ፣ የሞኸር ገደል ባለበት በክሌር አውራጃ አንድ ቤት ውስጥ (ጎልዌይንም ከዚያው ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ)፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ደግሞ ደብሊን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ እደሩ። ከዋሽንግተን የሚነሣው አውሮፕላን ሌሊቱን በርሮ ጠዋት ያወርዳችኋል። በዚያ ድካም ላይ መሪ መያዝ አይገባም፤ ለደብሊንም መኪና ሸክም ነው። ከማረፊያው ወደ ከተማ ባቡር የለም፤ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያዙ።

ደብሊን ላይ ሰዉ ሁሉ ወደ ትሪኒቲ ኮሌጅ የኬልስን መጽሐፍ ለማየት ይሄዳል። ወደ 800 ዓመተ ምሕረት ገደማ በጥጃ ብራና ላይ የተጻፈ፣ በሐረግ ያጌጠ የአራቱ ወንጌላውያን መጽሐፍ ነው። ትኬቱ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይገዛል፤ እኔ ለልጆች ትንሽ ሰልፍ የበዛበት ሆኖ ነው ያገኘሁት። ከዚያ ይልቅ በደብሊን ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለውን ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት እዩ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ከስብስቡ መካከል የግእዝ ብራናዎች አሉ። ለእይታ የሚቀርበው ስለሚቀያየር በር ላይ ያሉትን ጠይቁ። ልጆቹ ሲሰለቻቸው ፊኒክስ ፓርክ ውሰዷቸው፤ 707 ሄክታር ነው፣ አጋዘን እንደ ልቡ ይመላለስበታል።

ሊፊ ወንዝ ዳር የቆሙት የረሃብ ሐውልቶች አጠገብ ግን ቀስ በሉ። ከ1845 እስከ 1852 ድንች በበሽታ ጠፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል በመርከብ ተሰድዷል። የቆሙት ምስሎች አጥንታቸው የወጣ፣ ጨርቅ ያገለደሙ፣ ወደ መርከብ የሚያዘግሙ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ትከሻው ላይ ሰው ተሸክሟል። እናትሽ ሰባ ሰባትን በዓይናቸው ያዩ ከሆኑ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ሽማግሌ አይሪሾች «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትዪ ፊታቸው የሚለወጠውም ለዚሁ ነው። ያኔ ለእኛ ረሃብ በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ገንዘብ ያሰባሰበው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ የዚሁ አገር ልጅ ነው። አንዲት አከራዬ በ1985 ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ውስጥ ለእኛ ሳንቲም የምታጠራቅምበትን የካርቶን ሣጥን ቅርጽ በእጇ እየሠራች አሳይታኛለች። ወሬው ከከበደሽ ወደ ሩጫ አዙሪው። በሲድኒ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር የእነሱ ሶንያ ኦሱሊቫን ብር፣ የእኛ ጌጤ ዋሚ ነሐስ ወስደዋል። ቀነኒሳ በአገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም አብሮ ያሸነፈው በ2002 እዚሁ ደብሊን ነው። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ ካጋጠመሽ ሻይሽ ይቀዘቅዛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪና ትከራያላችሁ። አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ ያዙ፤ እዚህ የሚበዛው በማርሽ የሚነዳው ነው፣ በኦገስት አውቶማቲኩ ያልቃል። የአሜሪካ የባንክ ካርዳችሁ የመኪና መድን እንደሚሰጥ ካሰባችሁ ደውላችሁ «አየርላንድን ይሸፍናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አየርላንድን በስም ጠቅሰው ያስወጣሉ። የልጆቹ ቁመት ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው። ነዳጅ ማደያ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ እናንተ ዘንድ ብዙ ጊዜ አረንጓዴው ናፍጣ ነው፤ እዚህ አረንጓዴው ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። ደብሊንን በሚዞረው ኤም 50 አውራ ጎዳና ላይ ቆሞ የመንገድ ክፍያ የሚቀበል ሰው የለም፤ ካሜራ ሰሌዳ ያነሣና ክፍያው እስከ ማግሥቱ ምሽት ሁለት ሰዓት መግባት አለበት። አከራዩ ይከፍልላችሁ እንደሆነ ቁልፍ ስትቀበሉ ጠይቁ።

በግራ መንዳት መኪና በበዛበት መንገድ አያስቸግርም፤ የፊተኛውን መከተል ነው። የሚያስተው ባዶ መንገድ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ሊነጋጋ ሲል ከአንድ ማደያ ወጥቼ፣ ሰው የለም ብዬ ዘና ብዬ፣ በቀኝ በኩል ይዤ ስሄድ የወተት ቦቴ ፊት ለፊት መጣብኝ። ሹፌሩ ቆመ፣ መብራቱን አጠፋና አበራ፣ ከዚያ እንደ ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አሳየኝ። አልተሳደበም። እኔ ግን ለአሥር ደቂቃ እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምዕራቡ የገጠር መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው፤ በመካከሉ ሣር የበቀለበት አለ፣ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ይመስልሻል፣ ከሥሩ ግን የድንጋይ ካብ ነው። የስንቱ የኪራይ መኪና ስፖኪዮ እዚያ ቀርቷል! ከ2025 ጀምሮ የእነዚህ መንገዶች ፍጥነት ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወርዷል፤ 60 ራሱ ብዙ ቦታ ይበዛል። ስልክሽ 40 ደቂቃ ካለሽ አንድ ሰዓት ያዢ። ከፊት የሚመጣው ገበሬ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብድግ ካደረገ ሰላምታ ነው፤ መልሱለት።

የገጠር ቤት ቁጥር የለውም። እያንዳንዱ ቤት ኤርኮድ የሚባል የራሱ ባለ ሰባት ፊደልና ቁጥር አድራሻ አለው፤ እሱን ስልክ ላይ ካስገባችሁ ደጃፉ ድረስ ያደርሳችኋል። አከራዩን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ወደ ክሌር ስትመጡ ከአትሎን ዝቅ ብሎ ክሎንማክኖይስ ላይ ውረዱ። በስድስተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ኪራን በሻነን ወንዝ ዳር የመሠረተው ገዳም ፍርስራሽ ነው፤ በድንጋይ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ የተቀረጸባቸው ረጃጅም መስቀሎች አሉ። እናትሽ ይወዱታል፤ ልጆቹም እግራቸውን ያፍታታሉ።

ስለ አየሩ የምለው ጥቂት ነው፤ የዚህ አገር በጋ የእኛ ክረምት ነው። የአዲስ አበባን ሐምሌ የምታውቂ ከሆነ የአየርላንድን ኦገስት ታውቂዋለሽ፦ ቀን 19 ወይም 20 ዲግሪ፣ ካፊያ፣ ፀሐይ፣ እንደገና ካፊያ። ጃንጥላ ቤት ተዉት፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ለአምስታችሁም ያዙ።

የምግቡ ነገር ግን ሰፊ ነው፤ ጉዞአችሁ ሙሉ በሙሉ ፍልሰታ ላይ ወድቋል። የእንግዳ ማረፊያ ቁርስ የአሳማ ሥጋ በየዓይነቱ ነው። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ክብ ነገር ከአሳማ ደም የሚሠራ ስለሆነ ለማይጾሙትም ንገሪያቸው። ዳቦው የጾም ይመስላል፤ ቡናማው የሶዳ ዳቦ የሚለወሰው ግን በአሬራ ነው። ሾርባው «የአትክልት» ቢባልም ክሬም ይገባበታል፣ ድንቹም ቅቤ አያጣም። «ጾም» ብለሽ ከማስረዳት «ቪጋን» በዪ፤ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ምናሌውም ላይ ምልክት አለው። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ሌላ ችግር አለ፤ ብዙ የገጠር ምግብ ቤት ልክ በዚያ ሰዓት ምድጃውን አጥፍቶ እስከ አሥራ አንድ ያርፋል። ስለዚህ ኩሽና ያለው ቤት ተከራዩ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ምስርና ዘይት የማይገኝበት ሱቅ የለም። ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ኑ፤ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ይዞ መግባት ክልክል ነው።

የሞኸር ገደል ከፍታው እስከ 214 ሜትር ይደርሳል። ትኬቱን በኢንተርኔት ለማለዳ ወይም ለአመሻሽ ያዙ፤ ይረክሳል፣ የአስጎብኚ አውቶቡሶቹም የሉም። ልጆቹን ከአጥሩ ወዲያ አታሳልፉ፤ ጫፉ በየጊዜው ይናዳል። የእኔ እናት ከሁለት ዓመት በፊት ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚያ አቆምኳት። ነጠላዋን ነፋሱ እየታገላት ለአሥር ደቂቃ አየችና «ከጣርማ በር በምን ይበልጣል? ባሕሩ ተጨመረበት እንጂ» አለችኝ። ተመልሰን መኪና ውስጥ ገባን።

ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ሊስካነር አጠገብ የቅድስት ብሪጂድ ጸበል አለ። መንገድ ዳር ነው፤ ትኬት የለው፣ ሱቅ የለው። ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያ ውስጥ ስትገቢ ግድግዳው ሁሉ በፎቶ፣ በመቁጠሪያ፣ በሥዕልና ሰው በጻፈው ወረቀት ተሸፍኗል፤ የታመመ ልጅ ፎቶ፣ የሞተ ባል ፎቶ። መጨረሻው ላይ ውኃው ከድንጋይ ሥር ይንቆረቆራል። እናቴ ማንም ምንም ሳይነግራት ጫማዋን ደጅ አወለቀች። ከአንዲት የአገሩ ባልቴት ጋር በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም፤ ስመለስ አንዷ ለሌላዋ ውኃ ትቀዳላት ነበር። አንድ ሰዓት ቆየን። እናትሽን እዚያ ውሰጃቸው፤ ባዶ ጠርሙስ አትርሺ።

ስትመለሱ ደብሊን ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ድረሱ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍተሻ የሚደረገው እዚሁ ደብሊን ነው፤ የእናትሽም ግሪን ካርድ እዚህ ይታያል፣ ዋሽንግተን ስትደርሱ ሻንጣ አንሥቶ መውጣት ብቻ ነው።

ከዱሊን ወደ አራን ደሴቶች የሚሄደውን ጀልባ ሆን ብዬ አልጠቀስኩም፤ ባሕሩ ሲቆጣ ትልቁንም ያስመልሳል። የልጆቹን ዕድሜና እናትሽ መርከብ ላይ እንዴት እንደሆኑ ጻፊልኝና እነግርሻለሁ።