ፎጣ የተሰቀለበት ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መልእክት ላከችልኝ። ማዕድ ቤቷን ልታድስ ነው። «ጋሼ፣ ቀለሙ ይቅደም ወይስ ካቢኔቱ?» ትላለች። ጥያቄዋም መልሱም አጭር ነው። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አንድ ነጭ ግድግዳ ትዝ አለኝ።

በፊኒሺንግ ሥራ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ያኔ ግን የ26 ዓመት ጀማሪ ፎርማን ነበርኩ። ሥራው የአንዲት እናት ማዕድ ቤት ነው። አሮጌው ካቢኔት ይነሳል፣ ሲንኩ ከበሩ አጠገብ ተነስቶ መስኮቱ ስር ይሄዳል፣ ግድግዳው ሴራሚክ ይለብሳል፣ አዲስ ካቢኔትና ግራናይት ይገባል። ሴትዮዋ ገንዘቡን ለዓመታት ነው ያጠራቀሙት። ሩቅ አገር የምትማር ልጃቸው ከመድረሷ በፊት እንዲያልቅላቸው ፈለጉ። ሲንኩን መስኮቱ ስር ያሉት ዕቃ እያጠቡ ውጭ ውጭውን ለማየት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ትንሽ አፈር ብለው ሳቁ።

ሲንክ ቦታ ከቀየረ ቧንቧውም ፍሳሹም ተከትሎት ይሄዳል። ግድግዳ ይቦረቦራል፣ አዲስ መስመር ይዘረጋል። እስከዚህ ድረስ በደንብ አስኬድኩት። ቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን ጨረሰ። የቀረው የግፊት ፍተሻ ብቻ ነው። የመስመሩ ጫፎች ይደፈናሉ፣ በእጅ ፓምፕ ውሃ ይሞላል፣ ግፊቱ ከተለመደው ከፍ ይደረጋል። ከዚያ የግፊት መለኪያውን መርፌ ማየት ነው። ሰዓታት አልፈው ካልወረደ መስመሩ ጤነኛ ነው። የሰውየው ፓምፕ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበር። «ከነገ ወዲያ ይዤው እመጣለሁ» አለኝ።

ሴራሚክ ሠራተኛው ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል። ጎበዝ ነበር። ሥራ ሲይዝ አፉን ሳይከፍት ያንጎራጉራል። ዜማው ሲቋረጥ አንዱ ሴራሚክ እንደጠመመበት እናውቃለን። ሁለት ቀን ካስጠበቅኩት ሌላ ሳይት ይገባል፤ ከገባ መች እንደሚመለስ እግዜር ይወቀው። ሴትዮዋም በየቀኑ ብቅ እያሉ አቧራውን አይተው ዝም ብለው ይመለሳሉ። ደስ ላሰኛቸው ፈለግኩ። ውሃውን ለቅቄ አየሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። «ጀምር» አልኩት።

ግድግዳው በ3 ቀን ነጭ ሆነ። ሴትዮዋ በመዳፋቸው ዳበሱት። ካቢኔቱ ገባ፣ ግራናይቱ ተቀመጠ፣ ሲንኩ ተገጠመ፣ ውሃውም ከግድግዳው በሚወጣው ቧንቧ መጣ። ልጅቷም ደረሰች። ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

በ3ኛው ሳምንት ተጠራሁ። የሲንኩ ካቢኔት ወለል እንደ ትራስ አብጧል። ቺፑድ ነው፤ ቺፑድ ውሃ ከጠጣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። መጀመሪያ ሲፎኑን፣ ከሲንኩ ስር ያለውን የፍሳሽ ቧንቧ፣ ጠረጠርኩ፤ ደረቅ ነው። ቀጥዬ የሲንኩን ሲሊኮን ጠረጠርኩ። ግድግዳውን መጠርጠር አልፈለግኩም። በመጨረሻ ከግራናይቱ በላይ ያለውን ሴራሚክ ስንሰብር፣ መስመሩ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ያልበዋል። ያንጠባጥባል እንኳ አይባልም። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ካቢኔቱ ሲወርድ ከርሟል። ያን ቀን ውሃ ለቅቄ ሳይ ዓይን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ፓምፑ ግን በአንድ ሌሊት ይነግረኝ ነበር።

መስመሩን ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሴራሚኩ ግን አልቋል። ሌላ ካርቶን ፈልጌ አመጣሁ። ያው ስም፣ ያው ልክ፣ ያው ነጭ። ለጥፈን ፈቀቅ ብለን ስናየው ያው ነጭ አይደለም። ሴራሚክ በየምርት ዙሩ ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፤ ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። 6 ሴራሚክ፣ ከቧንቧው ጎን፣ ፊት ለፊት።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ምንም አይደል፣ ማን ያየዋል» አሉኝ። ከዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ሰላም ልበላቸው ብዬ ገባሁ። እዚያው ቦታ ላይ መስቀያ አስገጥመው ፎጣ ሰቅለውበታል። እኔ ቆሜ እያለሁ ፎጣውን አንስተው እጃቸውን አደረቁ። ቶሎ ብለው መለሱት።

የዛሬ ልጆች ማዕድ ቤት ሲታደስ የምታዩት በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። አሮጌው ብልጭ ይልና አዲሱ ይመጣል። ልስን እስኪደርቅ የሚጠበቅበትን ሳምንት ማን ይቀርጻል? ትዕግሥት የላችሁም ልላችሁ ነበር፤ ከላይ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው አፈርኩ። እንዲያውም ሁሉን ነገር ፎቶ ማንሳታችሁን እወድላችኋለሁ። ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ሜትር ዘርጉበትና ቧንቧውንም ሽቦውንም አንሱ። የላይኛው ካቢኔት ሲታሰር ድሪሉ የት እንደማይገባ የሚነግራችሁ ያ ፎቶ ነው።

ዕቃ ቀድማችሁ አትግዙ እላለሁ ሁልጊዜ። አቧራ ውስጥ ተቀምጦ ይጫጫራል፣ ይሰበራል። ሲንኩን ግን ቀድማችሁ ግዙ። ግራናይት ቆራጩ ቀዳዳውን የሚያወጣው በእሱ ልክ ነው። የምድጃውና የማቀዝቀዣው ልክም ካቢኔት ከመታዘዙ በፊት መታወቅ አለበት። ግራናይቱ ራሱ የሚለካው የታችኛው ካቢኔት በውሃ ልክ ተስተካክሎ ከታሰረ በኋላ ነው። ከስዕል ላይ አይለካም። ግድግዳ ቀጥ ያለ የሚመስለው ድንጋይ እስኪጠጋው ድረስ ነው።

ወለልም ከተነሳ፣ አንድ ደንበኛ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ካስገባ በኋላ ከፊቱ ያለውን ወለል ሴራሚክ አስለበሰ። ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው ከፍ አለ። ማሽኑ የተበላሸ ቀን አልወጣ አለ። ከላይ ግራናይት፣ ከፊት ሴራሚክ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር፤ የራሴ ጥፋት ስላልነበረ ይሆናል።

መልእክት ለላከችልኝ ወጣት መልስ ጻፍኩላት። ልስኑ በደንብ ይድረቅ። ፕራይመሩ፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባው መያዣ፣ እና የመጀመሪያው እጅ ቀለም ካቢኔቱ ሳይገባ ይቀባ፤ ባዶ ግድግዳ መቀባት ቀላል ነው። የመጨረሻው እጅ ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ይሁን፤ ገጣጣሚ ግድግዳ ሳይቧጭር አይወጣም። ከስሩ «ቧንቧው ተፈትኗል ወይ?» ብዬ ጨመርኩበት።

«የቱ ቧንቧ?» ብላ መለሰችልኝ።

ደወልኩላት።