መልስ፦ «አጎቴ ስለታመመ ልጆቼም ይታመማሉ?»

እህቴ፣ የእጮኛሽ ቤተሰቦች ዘር ሲቆጥሩ የአጎትሽን ስኪዞፍሬንያ (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ሰምተው «በዘራቸው አለ» ማለታቸው ግማሽ እውነት ነው። የዘረመል ድርሻ ትልቅ ነው። ሆኖም ዘረመላቸው አንድ ከሆኑ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው የሚታመመው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው። በሕይወት ዘመን የመታመም ዕድሉ በማንኛውም ሰው ላይ ከ100 1 ገደማ፣ ወላጁ ለታመመ ከ100 ወደ 10 ነው፤ አጎት ሲሆን ከዚያ በብዙ ያንሳል፣ ለልጆችሽማ ይብስ ይቀንሳል።

እኔን ያሳሰበኝ ወንድምሽ ነው። ከምሳ በኋላ ጫት ይዞ ሳይተኛ ያነጋል ብለሻል። በቤተሰቡ ሕመሙ ላለበት ሰው ጫት ማብዛትና እንቅልፍ ማጣት ክፉ ነው። አጎትሽን ጠበል ውሰዱት፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መደበቁንም ተዉት፤ ከሰው ጋር ቡና ይጠጣ።