ቲማቲሙ ሳይቀላ ቅጠሉ ለሚጠቁርብህ

ባሕር አጠገብ የተከልከው ቲማቲም ቅጠሉ ከጠቆረና ፍሬው ቡናማ እያወጣ ከበሰበሰ፣ ድንችንም የሚጨርሰው ምች የሚባለው የተክል በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ቀዝቀዝ ያለ አየርና ለሰዓታት ያልደረቀ ቅጠል ይመቸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዝናቡን አስቀርለት። ከላይ ፕላስቲክ ወጥር፤ ጎንና ጎኑን ክፍት ተወው፣ ንፋስ ያድርቀው። ውሃ ጠዋት ጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ። አፈር የሚነኩትን ቅጠሎች ቁረጥ። በተክሎቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ለሚቀጥለው ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውን፣ ፍሬው ትንንሽ የሆነውን ዝርያ ምረጥ፤ ትልልቁን ሳይቀላ ብርዱ ይቀድመዋል።

ፕላስቲኩን ግን እንደ እኔ እንዳታደርገው። ይሙቀው ብዬ ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሌሊት ያላበው ውሃ ቅጠሉ ላይ ሲንጠባጠብ እያደረ፣ በሳምንት ውስጥ ጉድ ሆንኩ።